ሦስተኛው እግር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ጅማ ዝናብ ጠግባለች፣
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ታንከባልላለች።
ስልክ ቤት ተረኛ ነኝ፤ ግራና ቀኜ ቁም ሣጥን፣
ሙቀታቸው እያደረቀልኝ የረጠበ ካፖርቴን።
የተቀመጥኩበት በርጩማ ከሂርማታ ነው፣ ከሐሙስ ገበያ፣
ከአንድ ግንድ ሦስት እግር፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ።

ማሽኖቹ መንታ ናቸው። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ከጎኑ ቆሞ
ያንኑ አሳብ ያስባል፣ ያንኑ ደምሮ፣ ያንኑ ደግሞ።
አፉን ግን አይከፍትም፤ ንግግሩ የወንድሙ ነው፣
የእሱ ድርሻ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» እያለ መመስከር ነው።

ያስተማረኝ ጋሽ ሸረፋ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነው፣ ሰርቦ።
ያኔ የካርዱን አቧራ እፍ እያለ፣ ምሳ ሰዓቱ አልፎ፣ ተርቦ፣
«ትልቁን ትእዛዝ አትፍሪው» ይለኛል፤ «‹ቁጥር ተቀበል› ይላል፣ በቃ።
ከሥሩ ነው ጉዱ፤ ደቃቅ ትእዛዞች፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ ሲነቃ፦
ይኸን በር ክፈት፤ ያንን ዝጋ፤ ይችን አሃዝ ወዲያ አሻግር፤
አሁን ቁም፤ አሁን ቁጠር።
ሰርግ ቤት በይው። ከአጥር ውጭ ‹ሙሽራው መጣ› ነው፣ አንድ ቃል፤
ጓዳ ግን ማን ያነጥፋል፣ ማን ይቀዳል፣ ማን በር ይይዛል።»

የድሮው ማሽን ጓዳው ሽቦ ነበር፣ በብየዳ የተቆላለፈ፤
አንዲት ልማዱን ለማስተው የስንት ሰው ጣት ተለበለበ፣ ስንት ሌሊት አለፈ።
የዚህኛው ጓዳ ጽሑፍ ነው። ቃሉን ስትለውጥ ጠባዩ ይለወጣል፤
ብረቱ ያው ብረት ሆኖ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ያድራል።

የከተማው ቁጥር በአንድ አሃዝ የረዘመ ለታ፣
ስድስት ቺፕ በመሐረብ ቋጥሬ፣ እንደ እንቁላል፣ ገባሁ ማታ።
ሽቦ አልተቆረጠ። ብየዳ አልተፈታ።
ሲነጋ መንደራ ደወለ፤ ቦሳ አዲስ «አቤት» አለ በእርጋታ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። «ጋሽ ሸረፋ፣ መንቶቹ ቢጣሉስ?
አንዱ ሰባት፣ አንዱ ስምንት ቢል? ማን ሊዳኝ ነው? ማን ሊመልስ?»
መልስ አልሰጠኝም። በርጩማዬን በእግሩ ገፋ አደረገና፣
«ይህ ለምን አይንገዳገድም፣ ወለሉ ጎባጣ ሆኖ?»
ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ዛሬ ተጣሉ።
ቀይ መብራት። ደወል። ግራው ሰባት፣ ቀኙ ስምንት አሉ።
ራሳችሁን ፈትሹ ተባሉ፤ ፈተሹ፤
ሁለቱም «ደኅና ነኝ» አሉ፣ ሁለቱም አልዋሹ።
ከሰሌዳው ላይ አንዲት መሥመር በርታለች፣ ከአጋሮ፣
ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል። የእኔ ሥራ መሥመር እንጂ አይደለም ጆሮ።
ብቻ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ዝናብ፣ ለወግ ማን ይደውላል?

በርጩማውን ሳብኩ። የደቃቁን ትእዛዝ መዝገብ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
የሁለቱን ዱካ በጣቴ ተከተልኩ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ክፈት፤ ከፍተዋል። አሻግር፤ አሻግረዋል። ቁም፤ ቆመዋል።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቃል ላይ፣ ዝጋ፤ ግራው ከፍቶት ሄዷል።
አንዲት ነጥብ ከዜሮ ወደ አንድ ዘላ፣
በር ያዡን እንቅልፍ ጥሎታል፣ ከሰርጉ ቤት ኋላ።

ግራውን አወረድኩት። ቀኙ ንግግሩን ከአፉ ላይ ተቀበለው፣
ምናልባት በ«እባክ»ና በ«ህ» መካከል፤ ደዋዩ ይህን በምን ያውቀው።

የአጋሮ መሥመር አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየች። ከዚያ ጠፋች፣
በወጉ፤ ደዋዩ ቀድሞ አስቀምጦ፤ አልተቆረጠች።
መኪና ወጣ? አልወጣም? ሰሌዳው ይህን አልጻፈ።
እጄ አሁን ነው መንቀጥቀጡ፣ ሁሉም ካለፈ።

መዝገብ። ስምንት ከአርባ ሰባት። ግራ ወርዷል፤ ቺፕ ይቀየር። ቀኝ ብቻውን ይሠራል።
«የተቋረጠ ጥሪ ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት ብዕሬ ለጊዜው ይቆማል፤
ከዚያ ዜሮዋን ጻፍኳት፣ ቀስ ብዬ፣ አክብቤ፣ ሳትጣመም፣
ክብ፣ እንደ በርጩማዬ መቀመጫ።
ወለሉ እንደሆነ፣ ዛሬም አልተስተካከለም።